ፊልተሩን በየቀኑ ማጠብ ውሃውን አያጠራውም

ጥያቄ፦ «ቢሾፍቱ ውስጥ የአንድ አነስተኛ ሎጅ የጥገና ኃላፊ ነኝ። የመዋኛ ገንዳችን 10 ሜትር በ5 ሜትር ነው፤ አማካይ ጥልቀቱ 1 ሜትር ተኩል ይሆናል። ውሃ የምንሞላው ከራሳችን ጉድጓድ ነው። የአሸዋ ፊልተሩ 60 ሳንቲ ሜትር ስፋት አለው። ከተገጠመ ስድስት ዓመት ሆኖታል፤ አሸዋው ተቀይሮ አያውቅም። ካለፉት ሁለት ወራት ጀምሮ ውሃው ነጣ ብሎ ይደፈርሳል፤ በተለይ ክሎሪን ባደረግን ማግስት። ጠዋት ጠዋት ባክዋሽ እናደርጋለን፤ ማለትም ውሃውን በፊልተሩ ውስጥ ወደ ኋላ ገፍተን አሸዋውን እናጥባለን፤ ለውጥ የለም። የግፊት መለኪያው ጌጅ ከባክዋሽ በፊትም በኋላም 1.5 ባር ላይ ነው። ሰሞኑን ደግሞ ውሃው ተጣርቶ ከሚመለስበት ቀዳዳ ሥር፣ ወለሉ ላይ አሸዋ የሚመስል ነገር አየን። አንድ ባለሙያ ‹አሸዋውን አውጥታችሁ በአሲድና በበረኪና እጠቡት› አለን። ሌላው ‹የወንዝ አሸዋ ሞልታችሁ ተገላገሉ› ይላል። የቱ ይሻላል?»

ምላሽ፦ ሁለቱም ይቅሩብዎ።

አሲድና በረኪና ሲገናኙ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ1915፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወታደር የተፈጀበት ጋዝ ነው። ከአየር ስለሚከብድ ታች ይተኛል። የፊልተር ክፍል ደግሞ ብዙ ጊዜ ከመሬት ዝቅ ያለ፣ መስኮት የሌለው፣ በሩ የጠበበ ጉድጓድ ቢጤ ነው። እዚያ ውስጥ ጎንበስ ብሎ አሸዋ የሚያጥብ ሠራተኛ ቀና ለማለት ጊዜ ላያገኝ ይችላል። «በአንዱ አጥበን፣ አለቅልቀን፣ ከዚያ በሌላው ብናደርገውስ?» የሚል ሰው ያጋጥማል። አሸዋው መሃል ምን ያህል እንደቀረ በዓይን አይታይም። አይሞከርም።

የወንዝ አሸዋውን ጉዳይ በኋላ እመለስበታለሁ። መጀመሪያ ጥያቄዎ ውስጥ አንድ ላይ የተቋጠሩ ሦስት ችግሮች አሉ። ውሃው መንጣቱ አንድ ነው። ጌጁ አለመንቀሳቀሱ ሌላ ነው። ወለሉ ላይ የታየው አሸዋ ሦስተኛው ነው። የጠዋቱ ባክዋሽ አንዳቸውንም አይፈታም። የመጀመሪያውን እንዲያውም ያባብሰዋል።

የአሸዋ ፊልተር እንደ ጠላ ማጥለያ የሚሠራ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። ማጥለያ ቢሆን ኖሮ ንጹሕ በሆነ ቁጥር ጥሩ ይሠራ ነበር። የአሸዋው ነገር ግን ይለያል። በቅንጣቶቹ መካከል ያለው ክፍተት ከአብዛኛው ቆሻሻ ይሰፋል። ቆሻሻው የሚያዘው በዚያ ጠመዝማዛ መንገድ ሲያልፍ ከቅንጣቱ ጋር እየተጋጨና እየተጣበቀ ነው። የተያዘው ቆሻሻ ክፍተቱን ያጠበዋል፤ ያን ጊዜ ቀጥሎ የሚመጣው ደቃቅ ነገርም ይያዛል። በደህና ቀን የአሸዋ ፊልተር የሚይዘው ከ20 እስከ 40 ማይክሮን ድረስ ያለውን ነው። የሰው ፀጉር ውፍረት 70 ማይክሮን አካባቢ ስለሆነ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ልክ ታጥቦ ሲነሣ ግን ከዚህ ይሰንፋል። ጥቂት ቀን ሠርቶ ትንሽ ሲቆሽሽ ነው ወገቡን የሚይዘው። እናንተ ደግሞ ገና ሥራ ሊጀምር ሲል ታጥቡታላችሁ።

ወጪውንም እናስላው። ገንዳችሁ 75 ሜትር ኩብ ውሃ ይይዛል። ፓምፑ በሰዓት 14 ሜትር ኩብ ይገፋል ብለን እንያዝ። ሦስት ደቂቃ ባክዋሽ ማለት 700 ሊትር ነው። በወር 21,000 ሊትር ይሆናል። ከገንዳው ውሃ ከሩብ በላዩ በየወሩ ከነክሎሪኑ ወደ ፍሳሽ ሄደ ማለት ነው። በቦታው የሚገባው ደግሞ አዲስ የጉድጓድ ውሃ ነው። የመንጣቱ ምንጭም የሚጀምረው እዚህ ጋ ይመስለኛል።

በእናንተ አካባቢ የከርሰ ምድር ውሃ በእሳተ ገሞራ ድንጋይ ውስጥ ሲያልፍ ባይካርቦኔት ይዞ ይመጣል። ምን ዓይነት ክሎሪን እንደምትጠቀሙ አልነገሩኝም። ዱቄቱ ወይም ፍሬ ፍሬ የሚለው ካልሲየም ሃይፖክሎራይት ከሆነ፣ በተጨመረ ቁጥር ሁለት ነገር ያደርጋል፤ ካልሲየም ይጨምራል፣ ፒኤችንም (የውሃው አሲድነት ሲቀንስ ከፍ የሚለውን መለኪያ) ወደ ላይ ይገፋል። ካልሲየምና ባይካርቦኔት ፒኤቹ ከፍ ባለ ውሃ ውስጥ ሲገናኙ እንደ ኖራ ያለ ነጭ ደቃቅ ይሠራሉ። ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ነገር ማለት ነው። «ክሎሪን ባደረግን ማግስት» ያሉት ቃል ለእኔ ትልቁ ፍንጭ ነው። ዑደቱን ልብ ይበሉ። ውሃው ሲነጣ ባክዋሽ ታደርጋላችሁ። ውሃው ይቀንሳል፤ ከጉድጓዱ ትሞላላችሁ። አዲስ ባይካርቦኔት ይገባል። የሄደውን ክሎሪን ለመተካት ዱቄት ትጨምራላችሁ። ውሃው እንደገና ይነጣል።

ይህን በግምት እንዳይቀበሉኝ አንድ ቀላል ፈተና አለ። ንጹሕ ብርጭቆ ላይ የገንዳውን ውሃ ይቅዱ። ሁለት ማንኪያ አቼቶ ጨምረው ያማስሉት። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ጥርት ካለ ነጩ ነገር ካልሲየም ነው። እንደደፈረሰ ከቀረ ሌላ ደቃቅ ነገር ነው፤ ወይም አልጌ መፈጠር ጀምሯል። ያን ጊዜ መጀመሪያ የሚታየው የክሎሪኑ መጠን ነው። አልጌን የሚገድለው ክሎሪን ነው፤ ፊልተር የሚሠራው ሬሳውን መልቀም ነው።

ፒኤቹ ከ7.2 እስከ 7.6፣ ነፃ ክሎሪኑ ከ1 እስከ 3 ሚሊ ግራም በሊትር፣ አልካሊኒቲው (በባይካርቦኔት የሚመጣው አሲድ የመቋቋም አቅሙ) ደግሞ ከ80 እስከ 120 ሚሊ ግራም በሊትር ቢሆን ጥሩ ነው። የጉድጓዱንም ውሃ ለብቻው ይለኩት። የእርስዎ ጉድጓድ አልካሊኒቲው ከዚህ በብዙ ቢበልጥ አይደንቀኝም። መለኪያ ኪት ከሌላችሁ፣ አሸዋ ከመግዛታችሁ በፊት እሱን ግዙ። ሳይለካ ገንዳ የሚያክም ሰው ሳይቀምስ ጨው እንደሚጨምር ወጥ ሠሪ ነው፤ አንዳንዴ ይሳካለታል።

ፒኤቹ ከፍ ብሎ ከተገኘ በሃይድሮክሎሪክ አሲድ ይወርዳል። አሲድ ስል ግን ሥርዓት አለው። ሰው በማይዋኝበት ሰዓት፣ ፓምፑ እየሠራ፣ ጓንትና መነጽር ተደርጎ ነው። መጀመሪያ ባልዲው ውስጥ ውሃ ይገባል፤ ከዚያ አሲዱ በላዩ ላይ ይፈስሳል። አሲድ ላይ ውሃ ከተጨመረ ይፈናጠራል። የተበረዘውን ጥልቅ በሆነው በኩል ዳር ዳሩን እየዞሩ ያፍስሱት፤ ውሃውን ከገጹ ላይ በሚስበው ቀዳዳ (በስኪመሩ) በኩል አይላክም። ለእናንተ ገንዳ በአንድ ጊዜ ከ1 ሊትር በላይ አትጨምሩ። ፓምፑ ጥቂት ሰዓታት አዙሮት እንደገና ይለካል። ካስፈለገ በማግስቱ ይደገማል። ክሎሪን በተደረገበት ሰዓት አሲድ አይደረግም፤ ሁለቱም አንድ መደርደሪያ ላይ አይቀመጡም። ባልዲውና መቅጃውም ለየብቻ ይሁን።

ይህ ነጭ ነገር ውሃ ውስጥ ብቻ ተንሳፎ አይቀርም። አሸዋው ላይ ይጋገራል። ቅዳሜና እሑድ ከአዲስ አበባ የሚመጣው እንግዳ ደግሞ የፀሐይ ክሬሙን፣ የፀጉር ቅባቱን፣ ላቡን ይዞ ሳይታጠብ ዘልሎ ይገባል። ቅባቱ ከካልሲየሙ ጋር ተባብሮ የአሸዋውን ቅንጣቶች እርስ በርስ ያጣብቃቸዋል። አሸዋው እንደ ጭቃ ኳስ እየተጠቀለለ ይጠጥራል። ውሃ ደግሞ ሁልጊዜ የቀለለውን መንገድ ይመርጣል። በኳሶቹ መካከል ቦይ ይቆፍርና ሳይጣራ ሽው ብሎ ያልፋል። በዚህ ጊዜ ባክዋሽ ማድረግ በዚያው ቦይ ውሃ ወደ ላይ መላክ ብቻ ነው። አሸዋው አይነሣም፤ አይታጠብም።

አሁን ወደ ጌጁ ልምጣ። ፓምፑን አጥፍተው ይዩት። ዜሮ ላይ ካልወረደ ሞቷል። ስድስት ዓመት እርጥበት ላይ የቆየ ጌጅ ቢሞት አይገርምም። ከጠቅላላው መሣሪያ ርካሹ ዕቃ እሱ ነው፤ ነገር ግን ያለ እሱ ማንም ሰው መቼ ባክዋሽ እንደሚያደርግ ማወቅ አይችልም። በማግስቱ ቀይሩት። ፓምፑ ሲጠፋ ዜሮ የሚገባ ከሆነ ደግሞ ጌጁ እውነቱን እየነገራችሁ ነው። ከባክዋሽ በፊትም በኋላም 1.5 ከሆነ ባክዋሹ ምንም አላጠበም ማለት ነው። ወይ አሸዋው ጠጥሯል፣ ወይ ወደ ገንዳው በሚመለሰው መስመር ላይ ግማሽ የተዘጋ ቫልቭ አለ። ቫልቩን ማየት ነፃ ስለሆነ ከእሱ ይጀምሩ።

ወለሉ ላይ ስላያችሁት ነገር ሳያዩ መፍረድ ጥሩ አይደለም። ፓምፑን አጥፍታችሁ ጥቂት ልቀሙና መዳፍ ላይ ሹት። ሲነኩት እንደ ጢስ የሚበተን ከሆነ አቧራ ወይም የሞተ አልጌ ነው። የሚሰባበር ቅርፊት ከሆነ አቼቶ ይንጠባጠብበት፤ አረፋ ካወጣ ከቧንቧው የተፈነቀለ ካልሲየም ነው። ጥርስ ላይ እንደሚንቀጨቀጨው ያለ፣ አቼቶ የማይነካው ጠንካራ ቅንጣት ከሆነ ግን የፊልተሩ አሸዋ ነው። ማረጋገጥ ከፈለጉ ውሃ የሚመለስበት ቀዳዳ ላይ የሴት ስቶኪንግ አስረው ለአንድ ሰዓት ፓምፑን ያስነሡ። የያዘውን ያያሉ።

አሸዋ ከሆነ ከታንኩ ሥር የሆነ ነገር ተሰብሯል። የተጣራው ውሃ የሚወጣው ከታች እንደ ጣት ዙሪያውን በተዘረጉ፣ ጠባብ ስንጥቅ ባላቸው የፕላስቲክ ቱቦዎች በኩል ነው። በሙያው ላተራል ይባላሉ። አንዱ ሲሰነጠቅ አሸዋው ተከትሎ ይወጣል። አዲስ አሸዋ በተሞላ በመጀመሪያው ቀን ጥቂት ብናኝ ቢታይ ችግር የለውም፤ በስድስተኛው ዓመት ግን ሌላ ማብራሪያ የለውም። ከሚሰብሯቸው ነገሮች አንዱ የእጀታው አጠቃቀም ነው። ቫልቩ ላይ ማጣሪያ፣ ባክዋሽ፣ ማለቅለቂያ እያለ የሚዞረው እጀታ ፓምፑ እየሠራ አይዞርም። ከዞረ ውስጡ ያለው የሸረሪት ድር የሚመስለው ጋስኬት ይፈነቀላል፤ ግፊቱም በአንድ ጊዜ ታንኩን ይመታዋል። እናንተ ጋ ፓምፑ ሳይጠፋ የሚያዞር ሠራተኛ አለ? አለ። ሁልጊዜ አንድ አለ።

እንግዲህ ቁርጥ ያለው ምክሬ ይህ ነው። የየቀኑን ባክዋሽ ከዛሬ ጀምሮ አቁሙ። ፊልተሩን አንድ ጊዜ ክፈቱ። አሸዋውን አትጠቡ፤ ቀይሩት። ላተራሎቹን ለማየት አሸዋው የግድ መውጣት አለበት። ከወጣ በኋላ የስድስት ዓመት አሸዋ አጥቦ መመለስ ድካሙን አይከፍልም። አሸዋ ራሱ አይበሰብስም፤ ካልሲየምና ቅባት የለበሰ ግን ዕድሜው አልቋል። በተለምዶ ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ይባላል፤ ባይካርቦኔት በበዛበት ውሃና በእሑድ እንግዳ ብዛት የእናንተው ወደ ታችኛው ቢቀርብ ነው። በኬሚካል ማጠብ ቦታ አለው። ሁለት ሦስት ዓመት የሠራ፣ ምንም ያልተሰበረበት፣ ካልሲየም ብቻ የጀመረው ፊልተር ከሆነ ለዚሁ ተብሎ በተሠራ የፊልተር ማጽጃ ሌሊቱን ዘፍዝፎ ጠዋት ባክዋሽ ማድረግ ያተርፋል። በኦሞ ማጠብ ግን የትም ቦታ የለውም። አረፋው ከገንዳው ላይ ለሳምንታት አይወርድም።

ስለ ወንዝ አሸዋ። አንድ ጊዜ የተጠራሁበት ቦታ ለግንባታ ከመጣ ክምር ላይ በወንፊት ነፍተው ሞልተውት አገኘሁ። በሁለት ሳምንት ውስጥ የገንዳው ወለል ቡናማ ሆኖ ነበር። ታንኩን ስከፍተው ግማሹ አሸዋ የለም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የፊልተር አሸዋ መጠኑ የተመረጠ ሲሊካ ነው፤ ቅንጣቱ ከ0.4 እስከ 0.8 ሚሊ ሜትር ነው። የወንዝ አሸዋ ውስጥ ከዚህ የደቀቀውም የተለቀውም አለ። ደቃቁ በላተራሉ ስንጥቅ ሾልኮ ገንዳ ይገባል። ትልቁ ቆሻሻ አይይዝም። ሸክላ አፈር አለበት፤ ስታጥቡት ትውላላችሁ፣ አያልቅም። በስምጥ ሸለቆ አካባቢ ደግሞ ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ዓይነት ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ስባሪ አይጠፋበትም። ያ በመጀመሪያው ባክዋሽ ተጠርጎ ይወጣል። ተፈጭቶ የተዘጋጀ የመስታወት ቅንጣት የሚሸጡም አሉ። ጥሩ ነው፤ ዕድሜውም ይረዝማል። ዋጋውና አቅርቦቱ ግን ለእናንተ ዓይነት ሎጅ ያን ያህል የሚያስመርጥ አይመስለኝም። በደረጃ የተለየ፣ በከረጢት የታሸገ ሲሊካ አሸዋ ይበቃችኋል። የ60 ሳንቲ ሜትር ታንክ እንደ ሞዴሉ ከ100 እስከ 150 ኪሎ ይወስዳል። ትክክለኛው ቁጥር ታንኩ ላይ በተለጠፈው ሰሌዳ ተጽፏል። ሰሌዳው ከሥር ጠጠር ይደረግ የሚል ከሆነ እሱንም አይዝለሉት።

ሥራውን ሰኞ ይጀምሩ፤ እንግዳ በማይበዛበት። መብራቱን ከዋናው ማብሪያ ያጥፉ። የአየር ማስወጫውን ከፍተው ግፊቱ ሙሉ በሙሉ እስኪወጣ ይጠብቁ። የታንኩን ክዳን ወይም የሚያስረውን ቀለበት ግፊት እያለ የፈታ ሰው ክዳኑ እንደ ጥይት ይወነጨፍበታል። በዚህ የተጎዳ ሰው አይቻለሁ፤ አልቀልድም። ከዚያ ከታች ያለውን ቡሽ ፈትተው ውሃውን ያፍስሱ።

ክዳኑ ሲከፈት ወዲያው መዛቅ አይጀምሩ። የአሸዋውን ገጽ ይዩት። ለጥ ያለ ነው ወይስ እንደ ጉድጓድ የሰመጠ ቦታ አለው? እጅዎን ሲከቱ ልል ነው ወይስ ድንጋይ ነው? ፎቶ ያንሡት። እኔ ስለ ካልሲየም ያልኩት ትክክል መሆን አለመሆኑን የሚነግርዎ ያ ነው። ከዚያ ይዛቅ፤ ግን በአካፋ አይደለም። አናቱ የተቆረጠ ሃይላንድ ከአካፋ ይበልጣል። የመጨረሻው አንድ ስንዝር በእጅ ብቻ ይወጣል፤ ላተራሎቹ እዚያ ናቸው። አንድ በአንድ እየነቀሉ በብርሃን ይዩአቸው። የተሰነጠቀውን ይቀይሩ። አንዱ በዕድሜ ብዛት ከተሰበረ ሌሎቹም ተራ እየጠበቁ ስለሆነ ሙሉውን መቀየር ይሻላል።

አዲሱ አሸዋ ከመግባቱ በፊት መሃል የቆመውን ቱቦ አፉን በፕላስተር ይሸፍኑት። ይህን እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ረስቼ ሦስት ከረጢት ካፈሰስኩ በኋላ ትዝ ብሎኛል። ቱቦው አሸዋ ጠጥቶ ነበር፤ ያን ቀን ሁሉንም እንደገና አውጥቼ አመሸሁ። ከዚያ ታንኩን እስከ ግማሽ ውሃ ይሙሉት። ውሃው የሚወርደውን አሸዋ ይቀበለዋል፤ ላተራሎቹ አይመቱም። አሸዋውን ቀስ እያሉ ያፍስሱ። ደረቅ የሲሊካ ብናኝ ሳንባ የሚጎዳ ስለሆነ አፍና አፍንጫ ይሸፈን፤ ከረጢቱንም ሲከፍቱ ትንሽ ውሃ ያርከፍክፉበት። ክዳኑን ሲመልሱ የጎማውን ቀለበት ጠርገው የሲሊኮን ቅባት ይቀቡት። ግራሶና ቫዝሊን ጎማውን ያሳብጡታል።

ፓምፑ ሲነሣ መጀመሪያ ባክዋሽ ነው። የአዲሱ አሸዋ ብናኝ ይውጣ። መመልከቻ መስታወቱ ላይ ውሃው ጥርት እስኪል ድረስ ሦስት አራት ደቂቃ ይፈጃል። ፓምፑ ጠፍቶ እጀታው ወደ ማለቅለቂያ ይዞራል፤ አንድ ደቂቃ። ብዙ ሰው ይህችን ደረጃ ይዘላታል። ከባክዋሽ በኋላ በቧንቧው ውስጥ የቀረው ቆሻሻ ቀጥታ ወደ ገንዳ የሚገባው በዚያ ምክንያት ነው። ከዚያ ወደ ማጣሪያ። አዲሱ ጌጅ የሚያሳየውን ቁጥር በማርከር ታንኩ ላይ ይጻፉት። ያ ቁጥር ንጹሕ ግፊታችሁ ነው። 0.8 ከሆነ፣ 1.3 እስኪደርስ ድረስ እጃችሁን ሰብስቡ። ከ0.5 እስከ 0.7 ባር ሲጨምር ባክዋሽ ይደረጋል። ጌጁ በፒኤስአይ ከሆነ ከ8 እስከ 10 መጨመር ማለት ነው። ግፊቱ ከንጹሑ ወርዶ ከተገኘ ጥፋቱ ከፊልተሩ በፊት ነው። የስኪመሩን ቅርጫት፣ የፓምፑን ቅርጫት፣ የውሃውን ከፍታ ይዩ። ለአንድ ወር ምንም ካልጨመረ ግን አሸዋው እንዳይጠጥር አንድ ጊዜ ይታጠብ።

አሸዋው በባክዋሽ ጊዜ መነሣት አለበት። ለዚህም ውሃው በሰዓት ከ40 እስከ 50 ሜትር ፍጥነት ሽቅብ መውጣት ይኖርበታል። ለእናንተ ታንክ በሰዓት ከ11 እስከ 14 ሜትር ኩብ ማለት ነው። መብራት በወረደበት ሰዓት ፓምፑ እያቃሰተ ባክዋሽ ማድረግ ውሃ መድፋት ነው። ጄኔሬተሩም ፓምፑን በደንብ ካልቻለ ያው ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣም ፓምፑ አየር ይዞ እንዳይነሣ ይዩት። ከገንዳው ውሃ ከፍ ብሎ የተተከለ ፓምፕ ቢሾፍቱ ላይ ይበልጥ ይቸገራል። ባሕር ዳርቻ ላይ በስሌት 10 ሜትር የሚሆነው የመሳብ አቅም፣ 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ወደ 8 ይወርዳል፤ በተግባር ደግሞ ከዚያም በጣም ያነሰ ነው። አየሩ ፊልተሩ ውስጥ ሲፈነዳ የተደላደለውን አሸዋ ይገለብጠዋል።

ስለ ፊልተሩ አቅምም አንድ ነገር። ጀርም አይይዝም። ተቅማጥ የሚያመጣው ክሪፕቶስፖሪዲየም ከ4 እስከ 6 ማይክሮን ነው፤ በአሸዋው መሃል እንደ ልቡ ያልፋል፣ የተለመደውን የክሎሪን መጠንም ይቋቋማል። ሕፃን ገንዳ ውስጥ ከተጸዳዳ ገንዳው ይዘጋል። «ፊልተሩ ያጣራዋል» አይባልም። አሉም የሚባለውን ማዝቀጫ ጨምሮ ማጥራትንም የሚያስቡ ካሉ፣ የተዘቀጠው ነገር በቫክዩም በቀጥታ ወደ ፍሳሽ እንጂ በፊልተሩ በኩል አይሄድም። አሸዋው ላይ እንደ አጥሚት ይረጋል።

የባክዋሹ ውሃ የሚሄድበትን ሳላነሣ ማለፍ አልፈልግም። ሆራና ባቦጋያ መውጫ የሌላቸው ሐይቆች ናቸው፤ የገባባቸው እዚያው ይቀራል። ቱቦውን ወደ ዳርቻው የዘረጋ ሎጅ ካለ ያንሣው። ክሎሪን ያለበት ውሃ በአንድ ጉድጓድ ውስጥ አንድ ሁለት ቀን ፀሐይ እየመታው ይቆይ፤ ከዚያ ወደ ፍሳሽ መስመራችሁ ይሂድ።

አሸዋው ሰኞ ከተቀየረ፣ ፒኤቹ ማክሰኞና ረቡዕ ቀስ እያለ ከወረደ፣ ፓምፑም በእነዚህ ቀናት ቀንና ሌሊት ከሠራ ዓርብ ላይ ወለሉ መታየት አለበት። ካልታየ የብርጭቆውን ፈተና ደግመው ፒኤቹን፣ ክሎሪኑን፣ የጌጁን ቁጥርና ያነሡትን ፎቶ ይላኩልኝ።